ሃያ አራት ካሜራ በአንድ ጠረጴዛ፦ ጎንደር ላይ ለሌሊት ክትትል ሥራ የተመረጠ ኮምፒውተር

ቃሊቲና ገላን አካባቢ ያሉ ሦስት መጋዘኖች በእያንዳንዳቸው 8፣ በድምሩ 24 ካሜራ አላቸው። ባለሙያዋ ጎንደር፣ ማራኪ ከሚገኘው የቤተሰቧ ቤት ሆና ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ትከታተላቸዋለች። አጥር የሚዘል ሰው ወይም ያለ ሰዓቱ የተከፈተ በር ስታይ ለጥበቃ ኃላፊው ትደውላለች፣ ሰዓቱን ትመዘግባለች፣ የቪዲዮ ቁራጩን ታስቀምጣለች። ቀጣሪዋ ለመሣሪያ የሰጣት ገንዘብ አንድ ጊዜ የተሰጠና የተወሰነ ነው። ኮምፒውተሩም፣ ሞኒተሩም፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪም ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ የወጣ ብር ሁሉ ከባትሪው የተቀነሰ ነው፤ ምርጫውን የወሰነው ይህ ነጥብ ነው።

መጀመሪያ የምትሠራው ወንድሟ ትቶላት በሄደው ላፕቶፕ ነበር፦ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ አንድ ቁራጭ ባለ 8 ጊጋባይት ራም። 24ቱን ካሜራ ስትከፍት ፋኑ ይጮኻል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ግማሹ መስኮት ይጠቁራል። ማሽኑ አቅም አነሰው ብላ ፒያሳ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ሄደች። ባለሱቁ ትልቅ ታወር አሳያት፦ ኮር አይ 5 10400ኤፍ፣ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ጌም የሚያጫውት ነው፤ ካሜራ እንዴት ያቅተዋል?» አላት። አብረዋት የሄዱት አባቷ የጠየቁት ሌላ ነበር፦ «መብራት ሲሄድስ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ባለሱቁ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ግዢው እንዲቆይ ያደረገው የአባቷ ጥያቄ ነው፤ ትክክለኛው ጥያቄም እሱ ነበር።

ሸክሙ ስንት ነው?

ኮምፒውተር ከመመረጡ በፊት ላፕቶፑ ለምን እንደተሸነፈ መታወቅ ነበረበት።

እያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ዓይነት ምስል ይልካል። ሜን ስትሪም 2560 በ1440 ፒክስል፣ በሰከንድ 20 ፍሬም፣ ኤች 265 በተባለው የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ ተጨምቆ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ገደማ ነው። ሰብ ስትሪም ደግሞ 640 በ360፣ በሰከንድ 12 ፍሬም፣ 384 ኪሎቢት ነው። የማሳያ ፕሮግራሙ ሲታይ ለ24ቱም መስኮት ሜን ስትሪሙን እንዲጎትት ተደርጎ ተገኘ። 24 በ3 ሲባዛ 72 ሜጋቢት ይመጣል። የቤቱ ፋይበር ሲለካ የሚያወርደው ከ18 እስከ 20 ሜጋቢት ነው። ማሽኑ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ካልደረሰው ዳታ ምስል ማውጣት አይችልም፤ መስኮቶቹ የጠቆሩት በዚህ ነው።

የፒክስሉ ስሌት ደግሞ የባሰ ነው። 24 ካሜራ 5 በ5 ሲደረደር፣ ሙሉ ኤችዲ ሞኒተር ላይ ለአንዱ መስኮት የሚደርሰው 384 በ216 ፒክስል ብቻ ነው። ለዚያች መስኮት ሜን ስትሪም መጎተት ማለት ከሚታየው 44 እጥፍ ፒክስል ፈትቶ መጣል ማለት ነው። ሰብ ስትሪሙ ራሱ ከመስኮቷ ይሰፋል። የ24ቱ ሰብ ስትሪም ፒክስል ቢደመር በሰከንድ 66 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ በሰከንድ 30 ፍሬም የሚሄድ አንድ ሙሉ ኤችዲ ፊልም 62 ሚሊዮን ነው። እርግጥ 24 መስኮት ከፍቶ ማቆየትና መሳል የራሱ ድካም አለው። ቪዲዮ ለሚፈታው የማሽኑ ክፍል ግን ሥራው አንድ ፊልም ከማሳየት ብዙም አይርቅም።

ሦስተኛው ጥፋት ሃርድዌር ዲኮዲንግ የሚለው ምርጫ ጠፍቶ መገኘቱ ነው። ከስድስተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው ባለው ግራፊክስ ላይ ኤች 265 የሚፈታ ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው፤ ኩዊክ ሲንክ ይባላል። ምርጫው ሲጠፋ ይህ ክፍል ሥራ ፈትቶ ይቀመጥና ሸክሙ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፣ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ጂፒዩ ይመረጣል፣ ቪዲዮ ዲኮድ የሚለው ግራፍ ይታያል። ካሜራዎቹ ተከፍተው ግራፉ ዜሮ ላይ ከተኛ መፍቻው አልተነካም ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሰብ ስትሪሙን እንዲጎትት ተደርጎ ሃርድዌር ዲኮዲንጉ ሲበራ ያው አሮጌ ላፕቶፕ ከ100 በመቶ ወደ 30 በመቶ አካባቢ ወረደ፤ ምስሉም መቆራረጡን አቆመ።

ታዲያ ለምን በላፕቶፑ አልተቀጠለም? ዋናው ምክንያት ዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው። የጥበቃ ካሜራ የሚታይበት ማሽን የደኅንነት ማሻሻያ የማይመጣለት ከሆነ ሦስቱ መጋዘኖች በዚያ ቀዳዳ ይታያሉ። ማጠፊያው የላላ መሆኑና 10 ሰዓት ሙሉ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ የሚግል ባትሪ የሚያብጥ መሆኑም አለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መባል አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሙከራው የተደረገው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ካሜራ በጨለማ ብርሃኑን በኃይል ስለሚያጎላ ምስሉ ላይ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ይበዛል፤ ጨማቂው ያንን ነጠብጣብ እንደ እንቅስቃሴ ስለሚቆጥረው ቢትሬቱ፣ ማለትም በሰከንድ የሚላከው ዳታ፣ ይጨምራል። ቀን ላይ ሱቅ ውስጥ የተሞከረ ማሽን ስለ ሌሊቱ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ሰብ ስትሪሙ በ384 ኪሎቢት ቋሚ ቢትሬት ላይ ታሰረ። ሙሉ ፍሬም በየ2 ሰከንዱ፣ ማለትም በየ24 ፍሬሙ እንዲመጣ ተደረገ። ኤች 265 ፕላስ የሚባለው «ብልህ» መጨመቂያ ተዘጋ፤ ዳታ ይቆጥባል፣ ግን ሙሉ ፍሬሙን ስለሚያርቀው መስመር ላይ ትንሽ ነገር ከጠፋ ምስሉ ለረጅም ጊዜ ግራጫ ተቀብቶ ይቀራል።

ዋት እና ሰዓት

ሸክሙ ከታወቀ በኋላ የቀረው የአባቷ ጥያቄ ነው። ባትሪው ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ጄል ነው። ሙሉው 1200 ዋት ሰዓት ቢሆንም ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ አይበላም፤ ስለዚህ በእጅ ያለው 600 ነው። ሁለት ባለ 24 ኢንች ሞኒተር በመካከለኛ ብርሃን 36 ዋት፣ የፋይበሩ መሣሪያ ከዋይፋዩ ጋር 12 ዋት፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱ የሚያባክነው 15 ዋት ይወስዳሉ። ይህ በየትኛውም ኮምፒውተር አይቀየርም።

የሚቀየረው ማሽኑ ነው። ታወሩ ካሜራዎቹን እያሳየ 110 ዋት ገደማ ሲወስድ ድምሩ 173 ይሆናል፤ 600 ለ173 ሲካፈል 3 ሰዓት ተኩል አይሞላም። በስሙ መጨረሻ «ቲ» ያለው 35 ዋት ፕሮሰሰር የያዘ ሚኒ ፒሲ በዚሁ ሥራ ላይ 30 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ድምሩ 93 ነው፤ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገደማ ይቆያል፣ አንዱ ሞኒተር ሲጠፋ 8 ሰዓት ይደርሳል። ታወሩ ያን ያህል እንዲቆይ ሁለተኛ ባትሪ ይጠይቃል። እንግዲህ ትልቁ ማሽን የሚያስከፍለው የራሱን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የባትሪውንም ነው።

ታወሩ ላይ ሌላም ነገር ነበር። በስሙ መጨረሻ «ኤፍ» ያለበት ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርዱ የተበላሸ ቀን ሞኒተሩ ላይ ምንም አይመጣም፤ ሌላ ካርድ እስኪገኝ ሥራው ይቆማል።

ላፕቶፕ አዲስ ቢገዛስ የሚለው ተነሥቶ ነበር። ባትሪው አብሮት ስለሆነ ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሁለተኛ ሞኒተርና ፋይበሩ ከውጭ ኃይል መፈለጋቸው አይቀርም፤ ኢንቨርተሩ ካልቀረ ደግሞ የላፕቶፑ ባትሪ የተከፈለበት ትርፍ ይሆናል።

የተገዛው እና ሲገዛ የታየው

የተመረጠው ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ነው፦ ኮር አይ 5 10500ቲ፣ 6 ኮር፣ 512 ጊጋባይት ኤንቪኤምኢ ዲስክ፣ 16 ጊጋባይት ራም። ራሙ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 እንዲሆን ተጠየቀ። በውስጥ ያለው ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፤ በሁለት ቁራጭ ሲሆን መንገዱ እጥፍ ይሰፋል። ትልቅ ዲስክ አላስፈለገም፤ ቀረጻው የሚቀመጠው መጋዘኖቹ ውስጥ ባለው ኤንቪአር (የካሜራዎቹ መቅረጫ) ላይ ነው።

ያገለገለ ማሽን ከውጭ ቢሮዎች ተጠርጎ የሚመጣ ስለሆነ ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ባለው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ፣ ይገባል። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ይቀራል፤ ያንን መክፈት ብዙ ጣጣ አለው። እዚያው ባዮስ ውስጥ ቻርጀሩ በስንት ዋት እንደታወቀ ይነበባል። አንዳንድ ሚኒ ፒሲዎች በቻርጀሩ ጫፍ መሀል ባለች ቀጭን መርፌ በኩል ቻርጀሩን ይለያሉ። መርፌዋ ከተጣመመች ወይም ቻርጀሩ ከሌላ ዕቃ የመጣ ከሆነ ማሽኑ ይነሣል፣ ግን ፕሮሰሰሩ ሆን ብሎ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ገዢው «ዘገምተኛ ማሽን ነው» ይላል፤ ጥፋቱ የሽቦ ጫፍ ነው። መጀመሪያ የቀረበው ቻርጀር በትክክል እንዲህ ያለ ሆኖ ተገኘና ተቀየረ።

ከዚያ የዲስኩ ጤንነት ታየ፣ እያንዳንዱ የሞኒተር ሶኬት ተሰክቶ ተሞከረ። ሚኒ ፒሲዎች አብዛኛውን ጊዜ ይዘው የሚመጡት ዲስፕሌይፖርት ነው፤ ሞኒተሮቹ ኤችዲኤምአይ ነበሩ። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄድ ተራ ኬብል ይሠራል። አቅጣጫው ግን አይገለበጥም፤ ያው ኬብል ከኤችዲኤምአይ ማሽን ወደ ዲስፕሌይፖርት ሞኒተር አይሠራም። በመጨረሻ 24 ካሜራ ተከፍቶ ለ2 ሰዓት ተተወ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ከዝቅተኛ ቦታ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ያው ፋን ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። ማሽኑ በቴሌቪዥን ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲገባ የቀረበው ሐሳብ ስለዚህ ተተወና ጠረጴዛው ላይ፣ ዙሪያው ክፍት ሆኖ ተቀመጠ።

ምጣዱ

ኢንቨርተሩ ሁለት ሁነታ አለው። በተራው የቤት ዕቃ ሁነታ ከመብራት ወደ ባትሪ ለመዞር 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ያ ለአምፖል ምንም አይደለም፣ ኮምፒውተርን ግን አጥፍቶ እንደገና ሊያስነሣው ይችላል። ለኮምፒውተር በተዘጋጀው የዩፒኤስ ሁነታ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፤ ማሽኑ አይሰማውም። የዩፒኤስ ሁነታው ግን ቮልቴጅ ላይ ጥብቅ ነው፦ ከ170 በታች ከወረደ መብራት እንደሌለ ቆጥሮ ወደ ባትሪ ይዞራል።

በሁለተኛው ምሽት ኢንቨርተሩ ቀጭ ቀጭ እያለ ሲዞርና ሲመለስ አመሸ፤ መብራት ግን አልጠፋም ነበር። መልቲሜትር ሲሰካ የምሽቱ ቮልቴጅ 186 ሆኖ ተነበበ። ኩሽና ውስጥ የእንጀራ ምጣዱ ሲበራ ወደ 167 ወረደ፤ ምጣዱ ሲጠፋ ተመለሰ። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ይጎትታል። የቤቱ ሽቦ ደግሞ ከቆጣሪው እስከ ኩሽናው 30 ሜትር የሆነ 1.5 ካሬ ነበር፤ ጠረጴዛው ያለበት ክፍልም ከዚያው ላይ ተቀጥሎ ነው የተወሰደው። ከጠፋው 19 ቮልት ግማሽ ያህሉ የቀረው በዚያ ቀጭን ሽቦ ላይ ነው።

ስታቢላይዘር መግዛት ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን እሱም የራሱን ዋት ይበላል፣ የሽቦውንም መጋል አያስቀርም፤ የሚግል ሽቦ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። ለጠረጴዛው ከብሬከሩ ብቻውን የሚሄድ 2.5 ካሬ ሽቦ ከግራውንዱ ጋር ተዘረጋ፤ ለምጣዱ 6 ካሬ። ከዚያ በኋላ ምጣዱ በርቶ እያለ ጠረጴዛው ላይ የሚነበበው 177 ነው፤ ኢንቨርተሩ አይዞርም። እናቷም እንጀራውን ከሰዓት በኋላ መጋገር መርጠዋል፤ ባትሪው ከሥራው በፊት ሞልቶ እንዲያድር ይህ ብዙ ረድቷል። በ10 አምፒር ቻርጅ ግማሹ ያለቀ ባትሪ ለመሙላት ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይፈልጋል።

ኢንቨርተሩ ላይ የባትሪው ዓይነት «ጄል» ተብሎ መመረጡም ተረጋገጠ። ውኃ ለሚጨመርበት ባትሪ የተቀመጠው ከፍተኛ ቮልቴጅ ጄሉን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ጄል አይመለስም።

ሰዓቱ ወደ ኋላ የሄደበት ምሽት

ክረምት ነው። ነጎድጓድ ሲመጣ ሁሉንም ነገር ከሶኬት መንቀል ይመከራል፤ ፋይበሩ ብርጭቆ ስለሆነ በገመዱ ውስጥ መብረቅ አያመጣም፣ የመብራቱ ሽቦ ግን ያመጣል። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ተነቀለ። ማታ ሲበራ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፣ ኢንተርኔት አለ፣ ቪፒኤኑ (በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፈው የተመሰጠረ መስመር) ግን አልገናኝም አለ።

ጥፋቱ ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ ላይ ነበር፤ ቀኑ በርካታ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዷል። ባዮስ ሰዓቱን ማሽኑ ሲነቀል የሚያቆይለት ሲአር 2032 የተባለች እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ ናት፤ ያገለገለ ማሽን ውስጥ ያለችው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለቀች ናት። ከመጋዘኖቹ ጋር የሚያገናኘው ቪፒኤን ዋየርጋርድ ነው። ዋየርጋርድ ግንኙነት ሲጀምር በሚልከው ሰላምታ ውስጥ የሰዓት ማኅተም ያስገባል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማሽን ካለፈው የቆየ ማኅተም ከመጣለት አሮጌ መልእክት ተቀድቶ የተላከ አድርጎ ይወስደውና ምንም መልስ አይሰጥም። ስህተት የሚል ጽሑፍ እንኳ አይመጣም፤ ዝምታ ብቻ ነው። ሰዓቱ በእጅ ተስተካከለ፣ ቪፒኤኑ ወዲያው ተያያዘ፣ በማግሥቱ ሳንቲሟ ባትሪ ተቀየረች። ዋጋዋ ከሌላው ዕቃ ጋር አይወዳደርም። ማንኛውም ያገለገለ ማሽን በተገዛ ዕለት ልትቀየር ይገባል። እግረ መንገዱን ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሣ ተደረገ።

ፋይበሩ ሲቋረጥ

መጠባበቂያው ከፋይበሩ በተለየ ድርጅት መስመር ላይ ያለ የሞባይል ሲም ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ቦታ ከመጡ አብረው ይወድቃሉ። 24ቱ ሰብ ስትሪም በሰዓት 4 ጊጋባይት ከ150 ሜጋባይት ገደማ ይበላሉ፤ በሌሊት 41 ጊጋባይት ይሆናል። ይህ በፋይበር ያልተገደበ ጥቅል ላይ ግድ የለም፤ በሞባይል ጥቅል ላይ ግን አይታሰብም። ስለዚህ 6 የበር ካሜራዎች ብቻ የሚከፈቱበት ሁለተኛ ገጽ ተዘጋጀ፤ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይበቃዋል።

በሞባይሉ ሲሞከር የካሜራዎቹ ስም ዝርዝር መጣ፣ ፒንግ ሠራ፣ ምስል ግን አልመጣም። ትናንሾቹ እሽጎች ያልፋሉ፣ ትልልቆቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ ማለት ነው። ዋየርጋርዱ ላይ ኤምቲዩ፣ ማለትም የአንድ እሽግ የመጠን ጣሪያ፣ ከ1420 ወደ 1280 ባይት ሲወርድ ምስሉ መጣ። ቪዲዮው የሚነሣው ከመጋዘኑ ስለሆነ በዚያኛውም ጫፍ መውረድ አለበት፤ እዚህ ብቻ ማውረድ አይበቃም።

የመዝገቡ ሰዓትም ተነጋግረው መወሰን የነበረባቸው ጉዳይ ነው። ኤንቪአሩ 02:10 ሲል እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 እንላለን። የጥበቃ ኃላፊው በስልክ «ስምንት ሰዓት» ሰምቶ 08:00 ላይ ያለውን ቀረጻ ቢፈልግ የሚያገኘው ሠራተኛ ሲገባ ነው። መዝገቡ ላይ በመጀመሪያ የኤንቪአሩ ቁጥር እንዳለ ይጻፋል፣ አጠገቡ የእኛው ሰዓት ይከተላል።

24 መስኮት 10 ሰዓት ሙሉ በዓይን መያዝ ለማንም አይቻልም። አንደኛው ሞኒተር 24ቱን ያሳያል፤ ሁለተኛው ባዶ ሆኖ ይጠብቃል፣ ኤንቪአሩ ሰው መስመር መሻገሩን ሲያስታውቅ የዚያን ካሜራ ሜን ስትሪም በሙሉ ስክሪን ያወጣል። የ24ቱ ሰብ ስትሪም በሚወስደው 9.2 ሜጋቢት ላይ 3 ሜጋቢት ሲጨመር 12.2 ነው፤ ፋይበሩ ከሚያወርደው 18 በታች ስለሆነ ሌሎቹ መስኮቶች አይቆሙም።

በበጋው አቧራ ምክንያት ፋኑ በየ3 ወሩ ተከፍቶ ይጠረጋል። በዚያው ቀን፣ ባትሪው ሞልቶ ሳለ፣ የጠረጴዛው ብሬከር ሆን ተብሎ ይወርድና ኢንቨርተሩ ላይ የባትሪው ቮልቴጅ እየተነበበ ስንት ሰዓት እንደያዘ ይጻፋል። በመጀመሪያው ፈተና 6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይዟል። ከ4 ሰዓት በታች ሲወርድ ባትሪው ይቀየራል።